ክኒኑ ለምን እንደታዘዘ ለእናትየው ይነገራቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ በፋርማሲ ባለሙያነት ስሠራ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለማይጥለው ልጄ ለምን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዘዘ?» የሚል። በቅርቡ የጠየቁኝ ከመንዝ የመጡ እናት ናቸው። የጠዋቱ ብርድ ሳይለቅ የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ገቡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ማዘዣ ፈትተው ሰጡኝ። የታዘዘው ሶዲየም ቫልፕሮዬት ነበር። አጠገባቸው የቆመ ሰው ካርቶኑን አይቶ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ሲል ሰምተው ደነገጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን እኮ አይጥላትም፤ እንቅልፍ አጥታ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራና ስትቆጣ ነው የከረመችው። ይኼ ወሬ አገር ቤት ከደረሰ ማን ያገባታል?» አሉኝ።

ለሚጥል በሽታ የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች ባይፖላር ለሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመምም እንደሚታዘዙ ማንም አልነገራቸውም። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ካርባማዜፒንን የጃፓን ሐኪሞች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለዚህ ሞክረውታል፤ ቫልፕሮዬትም እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ለማኒያ፣ ማለትም በባይፖላር ለሚመጣው ከልክ ያለፈ የስሜት መጋል፣ ሕክምና ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ ግን ለአዋቂዎች ነበር። በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 279 ልጆች ለ8 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ሪስፔሪዶን የተባለ ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከወሰዱት 68 በመቶ ያህሉ ሲሻላቸው ቫልፕሮዬት ከወሰዱት የተሻላቸው 24 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሪስፔሪዶንም ክብደት የመጨመር ጣጣ ስላለበት ክትትል ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጅቷ ሴት መሆኗ ነው። በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮዬት ከሚወስዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ችግር ይገጥማቸዋል። የጽንሱ የጀርባ አጥንትና የአንጎል መሠረት በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ስለሚያዝ፣ እናቲቱ ማርገዟን ስታውቅ ጉዳቱ ደርሶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መድኃኒቱ መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ልጃገረዶች ሳይደርሱ በሚዳሩበት ገጠራችን «ገና ልጅ ናት» ብሎ ይህን ማለፍ አይቻልም። ካርባማዜፒንም ቢሆን በክንድ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ጉልበት ስለሚያሳጣ፣ በጤና ጣቢያ መከላከያ የምትሰጠው ባለሙያ ልጅቷ ምን እንደምትወስድ ማወቅ አለባት።

ርካሽ በመሆኑ በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ፊኖባርቢታልም ለሚጥል በሽታ ብዙዎችን የጠቀመ ቢሆንም፣ አንዳንድ ልጆችን ቁጡና ቅብጥብጥ ያደርጋል፤ ወላጅም ይህን እንደ አዲስ ሕመም ይቆጥረዋል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲሄዱ ክኒኑን በአንድ ጊዜ የሚያቋርጡ ቤተሰቦችም አሉ። ጠበሉን ይጠመቁ፤ ፊኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ግን የሚጥል ሕመሙን ሊያባብስና ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ።

ሐኪሞቻችን ምን ያህል ተጨናንቀው እንደሚሠሩ አውቃለሁ። ቢሆንም በልጁ የክትትል ካርድ ላይ «ይህ መድኃኒት የታዘዘው ለዚህ ሕመም ነው» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። ለልጃገረድ ሲሆን ደግሞ ስለ እርግዝና ከእናቷም ከራሷም ጋር ሳይነጋገሩ ቫልፕሮዬት መጻፍ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። እኛም የፋርማሲ ባለሙያዎች ዕድሜና ጾታ አይተን ማዘዣ ስንመልስ እንደ ድፍረት ሊቆጠርብን አይገባም።

እኒያን እናት ወደ ሐኪሙ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ሐኪሙ የሚገኘው በማግስቱ ስለነበር ዘመድ ቤት አድረው፣ ሪስፔሪዶን የሚል ማዘዣ ይዘው መጡ። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደሚዋጥና ምን ሲታይ ቶሎ መምጣት እንዳለባቸው እኔ ሳልጠይቃቸው እርሳቸው ነገሩኝ።