ቀኑ አልፏል፣ ሰሌዳው ግን አልሰማም

ሶፍትዌር በመዘግየቱ አልናደድም። በዚህ ሙያ ውስጥ እየኖረ በመዘግየት የሚናደድ ሰው ወይ ኮድ ጽፎ አያውቅም፣ ወይ ከፋዩ እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የመልቀቂያው ቀን ካለፈ በኋላ በይፋ የተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳ ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ያለፈ ቀን «የሚጠበቅበት ቀን» እያለ መቀመጡ ነው።

በምሠራበት የውጭ አገር መሥሪያ ቤት የምንገለገልበትን አንድ የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራም የሚሠሩልን አገር ቤት ያሉ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ይህን የምለው የአገሬ ልጆች ስለሆኑ አይደለም። የአዲሱን ስሪት ቀን አስቀድመው አሳውቀው ስለነበር እኛም በዚያው ላይ ተመሥርተን የሠራተኞቹን ሥልጠና፣ የመረጃውን ዝውውርና የአሮጌውን ፕሮግራም መዝጊያ አቀድን። ቀኑ ደረሰ፤ አለፈ። ሰሌዳው ዝም። ስደውል «እየጨረስን ነው ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ይወጣል» ተባልኩ። ሳምንቱ አልቆ ስደውልም መልሱ ያው «በዚህ ሳምንት» ነበር።

ምክንያቱን ሳጣራ ግን ንዴቴ መልኩን ለወጠ። ሁለት ሠራተኞች አንድን መዝገብ በተመሳሳይ ሰዓት ከፍተው ሲያርሙ፣ ኋላ ያስቀመጠው ሰው የፊተኛውን ሥራ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይደመስሰዋል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የስህተት መልእክትም አያሳይም፤ መረጃው ብቻ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚደርስበት ብዙ መዝገብ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ስሪቱን መያዛቸው ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እይዘው ነበር። ታዲያ እንዲህ የሚያስመሰግን ምክንያት ይዘው ለምን ይደብቁታል? «መረጃ የሚያጠፋ ስህተት ስላገኘን ቀኑ ተራዝሟል» የሚል አንድ መስመር ቢጽፉ ኖሮ፣ እኛ ሥልጠናውን በጊዜ እናራዝም ነበር፣ እነሱም አለቆቼ ፊት በኃላፊነት ስሜታቸው ይመሰገኑ ነበር።

ውጭ ያለው ሁሉ ያማረ የሚመስለው አንባቢ ደግሞ በዚህ እንዳይደሰት። እዚህ ያለው የእኛ ቡድን ቀን አያሳልፍም፤ ቀኑ ከደረሰ ስሪቱ እያነከሰም ቢሆን ይወጣል። ያልተጠገነው ሁሉ «የታወቁ ችግሮች» በሚል ርዕስ ተዘርዝሮ አብሮ ይላካል፤ ዝርዝሩ አንዳንዴ ከአዳዲሶቹ አገልግሎቶች ዝርዝር ይረዝማል። ሰሌዳው ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ለዚህም ስብሰባ ላይ እንጨበጨባለን። ይህ የእኛ ቡድን አመል ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ያወጣውን የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ማስታወስ ይበቃል። ማሻሻያው የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች በመሰረዙ ሥርጭቱ በቀናት ውስጥ ቆመ፤ ተስተካክሎ እንደገና መሠራጨት የጀመረው በኖቬምበር ነው። ችግሩን ከመለቀቁ በፊት የጠቆሙ ሞካሪዎች ግን ነበሩ።

እኔን የሚያስቀናኝ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እሱም ቀኑን በግልጽ መለወጥ። ኡቡንቱ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ለስሪቶቹ ቁጥር የሚሰጠው በሚወጡበት ዓመትና ወር ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2006 ሊወጣ የታቀደው ስሪት የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚያገኝ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ይበልጥ እንዲጣራ መሥራቹ ማርክ ሸትልወርዝ የስድስት ሳምንት ማራዘሚያ በይፋ ሐሳብ አቀረበ፤ ውይይት ተደረገበት፤ 6.04 መባል የነበረበትም 6.06 ሆኖ ጁን 1 ቀን ወጣ። መዘግየቱ እስከ ዛሬ በስሪቱ ቁጥር ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ በዚህ ያፈረ ሰው ግን አላየሁም።

ሌላው ነፃ ስርዓተ ክወና ፌዶራም እንዲሁ ነው። አንድ ስሪት ሳይወጣ የሚያስቀሩት ስህተቶች መመዘኛቸው አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ከመልቀቂያው በፊት ስብሰባ ተጠርቶ «ይውጣ» ወይም «አይውጣ» ይባላል፤ «አይውጣ» ከተባለ ቀኑ ይገፋል፣ ሰሌዳውም ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፌዶራ 37 ሊወጣ ሲል በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃን የሚያመሰጥረው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ፕሮግራም አዘጋጆች ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ እንደሚደፍኑ አሳወቁ። ፌዶራዎች ጥገናው እስኪደርስ ጠበቁ፤ የጠበቁበትንም ምክንያት ተናገሩ፤ ስሪቱ ኖቬምበር 15 ወጣ። ቀዳዳው በኋላ እንደተፈራው ያህል ሆኖ አልተገኘም፣ የመጠበቁ ውሳኔ ግን በዚያ አይለካም።

ብዙ ሰው ጥራትንና ሰሌዳን እንደ ባላንጣ ያያቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የማይታመን ሰሌዳ ራሱ ጥራትን ያበላሻል። የፋየርፎክስ ድረ ገጽ ማሰሻ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በየስድስት ሳምንቱ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ ስሪት ወደ ማውጣት የዞሩት በሰዓቱ እንደሚነሳ ባቡር አስበውት ነው፤ ያልደረሰ ሥራ የሚቀጥለውን ይሳፈራል እንጂ ባቡሩን አያስቆምም። ይህ የሚሠራው የሚቀጥለው በተባለው ቀን እንደሚመጣ ሁሉም ሲያምን ብቻ ነው። ሰሌዳው ውሸት እንደሆነ የለመደ ፕሮግራመር ግን የሚቀጥለው ስሪት በስድስት ወር ይምጣ በዓመት ስለማያውቅ፣ ግማሽ የበሰለ ሥራውን በመጨረሻው ሌሊት በግድ ያስገባል። ያ መረጃ የሚደመስስ ባግም የገባው በዚህ መንገድ ነበር፤ «ይኼኛው ካመለጠን መቼ ሊወጣ ነው?» ተብሎ።

ይህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ቀኑን ያሳለፈው ሰው አይደለም። የተጠቃሚ መመሪያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በሰሌዳው መሠረት ከተወሰነ ቀን በኋላ የማያ ገጹ ጽሑፎች አይለወጡም ተብሎ ነበርና ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሣሁ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በስሙ ጠቅሼ ጻፍኩ። ቀኑ በዝምታ ሲራዘም ያ ክልከላም በዝምታ ተነሣ፤ ቁልፎቹ ቦታና ስም ቀያየሩ፤ መመሪያዬ የሌለ ፕሮግራም መመሪያ ሆነ። ሞካሪዎቹም ይወጣል ብለው የሞከሩት ከሚወጣው ጋር አንድ አልነበረም።

ቀኑን ለምን እንደማያርሙት የቡድኑን መሪ ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ቀኑን የነካ ሰው ያዘገየው እሱ ይመስላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔም መሥሪያ ቤት በሽታ ይኸው ነው፣ እዚህ ቀን የሚለወጠው በገበያ ክፍሉ ፈቃድ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ስለዚህ ሰሌዳውን የማረም ሥራ ከኮዱ ውጭ ላለ አንድ ሰው እንዲሰጥ፣ አዲሱ ቀን ባይታወቅ እንኳ «ያለፈው ቀን ተሰርዟል፣ አዲሱን በዚህ ቀን እንናገራለን» ተብሎ እንዲጻፍ በጽሑፍ አቀረብኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ። ጥያቄዬ ለሚቀጥለው ስሪት በተያዙ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ መመዝገቡንም ነገሩኝ።