አንቀጹ ይወስን ወይስ ዳኛው?

በግድያ ወይም በአስገድዶ መድፈር የተጠረጠረ ሰው በዋስ ወጣ በተባለ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የሚነሳው ቁጣ ይታወቃል፤ «ዳኛው ተገዝቷል»። ጋዜጠኛ ወይም ፖለቲከኛ ዋስትና ሲነፈግ ደግሞ «ዳኛው ታዟል» ይባላል። ሁለቱም ወገን ዳኛው ብዙ ሥልጣን ያለው አድርጎ ነው የሚያየው። እኔን የሚያሳስበኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። በከባድ ወንጀሎች ላይ ዋስትናን በአብዛኛው የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ክሱ ላይ ያሰፈረው የአንቀጽ ቁጥር ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) ላይ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል። ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹን ፍለጋ ስንሄድ ፍርድ ቤቶቻችን ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩትን የ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እናገኛለን። የዚህ ሕግ አንቀጽ 63 በተለመደው አተረጓጎም ሁለት ነገሮች ሲገናኙ በሩን ይዘጋል፤ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ተጎጂውም የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን።

እስኪ አንድ የግሮሰሪ ጠብ እናስብ። ሁለት ሰዎች ተጣሉ፣ አንዱ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 (ከባድ ግድያ) ቢከስ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው፤ በ540 (ተራ ግድያ) ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ በ541 (ቀላል ግድያ) ቢበዛ 5 ዓመት። ጠቡ ያው፣ ምስክሮቹም እነዚያው ናቸው። በመጨረሻው አንቀጽ የተከሰሰው ዋስ ጠርቶ ቤቱ ይገባል፤ በሌሎቹ የተከሰሰው ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ይወርዳል። ከዚያ ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል። አንድ ቀን ችሎቱ «በ541 ይከላከል» ብሎ ብይን ሲሰጥ ዋስትናው ይከፈታል። እስከዚያ ድረስ የታሰረበትን ጊዜ የሚመልስለት ግን የለም። ክሱ ገና ሲቀርብ ዳኛው የምርመራ መዝገቡን ገልጦ «ለመሆኑ 539ን የሚያሳይ ምን አለ?» ብሎ በጥሞና ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ላይሆን ይችላል።

ቁጥሩ በተቃራኒውም ያሳስታል። ከ13 ዓመት በታች የሆነች ሕፃንን መድፈር ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ሕፃኗ በሕይወት ስላለች ግን አንቀጽ 63 ብቻውን ተጠርጣሪውን አያስቀረውም። ሰውዬው ግቢዋ ውስጥ የሚኖር ተከራይ ወይም አጎቷ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 በቦዘኔነት የተያዘን ሰው ዋስትና ይከለክለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሕግ አውጪውን ሚዛን ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ዋስትናን በጅምላ መከልከል የት እንደሚያደርስ በ1993 አይተነዋል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረን ሁሉ ዋስትና የሚነፍግ አዋጅ፣ ቁጥር 239/1993፣ ወጣ። አዋጁ በ1997 ላላ ቢልም ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ነው። የአንድ ዳኛ ትዕዛዝ አልወደድንም ተብሎ ለሁሉም ዳኞች እጅ ገመድ ተገዛ።

ዳኛው በእውነት የሚመዝንበት ቦታ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ነው። ይጠፋል ወይ? ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ? ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ መልሶቹ የቃል ጥናት መሆናቸው ነው። አዲስ አበባ አራዳ ምድብ ችሎት ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትን ችሎት) ሲሰማ የተቀመጠ ሰው የመርማሪውን ንግግር ሳይነገረው ይገምተዋል፤ ቢለቀቁ ምስክር ያባብላሉ፣ ሰነድ ያሸሻሉ፣ ግብረ አበር አልተያዘም፣ ስለዚህ ተጨማሪ 14 ቀን። የትኛው ምስክር? ሰነዱ ያለው ማን እጅ ነው? ኮምፒውተሩ ተወስዶ፣ ስልኩ ተይዞ፣ ቤቱ ተበርብሮ ካለቀ ተጠርጣሪው የሚያጠፋው ምን ቀረ? ይህን የሚጠይቁ ዳኞች አሉ፤ የማይጠይቁት ይበዛሉ።

ያቺን ሕፃን ግን አልረሳሁም። እዚያ መልሱ «ምስክር ናት፣ አንድ ግቢ ይኖራሉ» ነው። ስም ያለው፣ አድራሻ ያለው ስጋት ነውና ዳኛው አንቀጽ 67ን ጠቅሶ ቢከለክል ትክክል ነው። ስጋቱ ቀለል ሲል ደግሞ «ሰፈሩን ይልቀቅ፣ አይቅረባት፣ ከሀገር አይውጣ» ማለት ይቻላል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም ከ2003 ጀምሮ አለ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተከሳሹም የዋሱም አቅም ይታይ ይላል። ለነጋዴ የአንድ ቀን ሽያጭ የሆነው 50 ሺህ ብር ለቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ከክልከላ አይለይም።

በመጨረሻ የቀረው፣ ዋስትናው ተፈቅዶ፣ ገንዘቡ ተይዞ፣ የመፍቻ ትዕዛዙ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ «ከላይ አልታዘዝንም» የሚለው መልስ ነው። በ2013 ፖለቲከኛው ልደቱ አያሌው ቢሾፍቱ ላይ በ100 ሺህ ብር ዋስ እንዲለቀቅ ታዞ ፖሊስ ሳይለቀው ቀርቷል። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ዳኛው የጣቢያውን ኃላፊ በስሙ ጠርቶ ችሎት ፊት ማቆም ይችላል። በትዕዛዙ የማይስማማ ፖሊስም በዐቃቤ ሕግ በኩል ይግባኝ ይበል፤ ይግባኝ የሚሰማው የልደታው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከአራዳ ሩቅ አይደለም።