ቢሮ ያለው አይጠፋም ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ የሆቴል ባለቤቶች፣ የጀልባ ማኅበራትና አስጎብኚዎች ተሰብስበው ነበር። ጣናን የሚያስተዋውቅ፣ ክፍልና ጀልባ የሚያስይዝ አንድ የጋራ ዌብሳይት ለማሠራት ተስማሙ። እሰየው ነው። ቀጥለው ግን ሥራው አዲስ አበባ ቢሮ ላለው ድርጅት ብቻ ይሰጥ ብለው ወሰኑ። ከኢንተርኔት የሚገኝ ፍሪላንሰር፣ ማለትም ሳይቀጠር በግሉ የሚሠራ ባለሙያ፣ በሩ ላይም እንዳይደርስ። ምክንያቱን ያስረዱት አንድ የሆቴል ባለቤት ናቸው። ቢሮ የሌለው ብር ተቀብሎ ይጠፋል፣ ቢሮ ያለው ግን የት ይሄዳል አሉ። ደግሞም ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው የለም አሉ። ቤቱም አጨበጨበ።

የት ይሄዳል? ቢሮውን ለቆ ይሄዳላ! የኪራይ ውል እንደሆነ ያልቃል። አንድ ክፍል ተከራይቶ በሩ ላይ ባነር መስቀል ኪራይ የመክፈል አቅምን እንጂ ኮድ የመጻፍ ችሎታን አያሳይም። ያንን ኪራይ ደግሞ ማን እንደሚከፍለው እናውቃለን። ደንበኛው ነው።

የሚገርመኝ እኚሁ ሰው ክፍላቸውን የሚያከራዩት በቡኪንግ ዶት ኮም ነው። ጀርመን ያለ ቱሪስት ሆቴላቸውን በአካል ሳያይ፣ ድምፃቸውን ሳይሰማ፣ ፎቶና የሌሎች እንግዶችን አስተያየት አንብቦ አልጋ ይይዛል። «ቆይ፣ መጀመሪያ መጥቼ በሩን ልይ» ብሏቸው አያውቅም። እሳቸውም ኮሚሽኑን እየከፈሉ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። ታዲያ ኢንተርኔት የሚታመነው ብሩ ወደ እኛ ሲመጣ ብቻ ነው?

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለው ባለቢሮ ሥራውን ሲቀበል ራሱ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ይመስላችኋል? ቴሌግራም ከፍቶ ልጅ ይፈልጋል። ልጁ ምናልባት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ ሌሊት ሌሊት ኮድ የሚጽፍ የፖሊ ቴክኒክ ተመራቂ ነው። ይህን የሚጠራጠር ኮምፒውተር የተማረ የወንድሙን ልጅ ይጠይቅ። ባለቢሮው ያደረገው እናንተ እምቢ ያላችሁትን ነው። ፍሪላንሰር ከኢንተርኔት ፈልጎ ቀጠረ። እናንተ መፈለጉ ሰልችቷችሁ እሱ ፈለገላችሁ፣ ልዩነቱንም በላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የተሰብሳቢዎቹን አጀንዳ እኔ ባወጣው ኖሮ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ዛሬ ያላችሁ ዌብሳይት ዶሜኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው?

መልሱን ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። «ልጁ ያውቃል።» ፓስወርዱስ? ልጁ ያውቃል። ሆስቲንጉ የት ነው? ልጁ ያውቃል። መቼ ነው የሚታደሰው? እሱንም ልጁ። ልጁ የት ነው? አይታወቅም። ከዚያ ፍሪላንሰር ሌባ ነው ይባላል።

ዶሜን ማለት የዌብሳይታችሁ ስም ነው። ለዘለዓለም አይገዛም፣ በየጊዜው ክፍያ ይታደሳል። ባለቤቱም ብሩን ከኪሱ ያወጣው ሰው አይደለም። መዝጋቢው ድርጅት ዘንድ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ልጁ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው ስሙ የእሱ ሆነ። ቤት አሠርቶ ካርታውን በግንበኛው ስም ከማውጣት በምን ይለያል? ዶት ኮም ከሆነና ሳይታደስ ካለፈ፣ ከመዝጋቢው የእፎይታ ጊዜ በኋላ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ማስመለሻ 30 ቀን ይሰጣል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ይለቀቃል፣ ማንም ያነሣዋል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ የሚላከው ወደ ተመዘገበው ኢሜይል ነው። የእናንተ ወዳልሆነው ኢሜይል። ዶት ኢቲ የሚለውን ከመረጣችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። አመልካቹ ማን ነበር?

በዚህ አያበቃም። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሆስቲንግ የራሱ አካውንት አለው። ዌብሳይቱ የራሱ አድሚን፣ ማለትም መቆጣጠሪያ ገጽ አለው። የሚያስተዳድረው ኢሜይል አለ። ኮዱ አለ፣ መጠባበቂያ ቅጂው (ባክአፑ) አለ። እነዚህ ሁሉ በባለቤቱ እጅ መሆን አለባቸው። ለሠሪው የሚሰጠው መግቢያ ነው፣ ያውም ሥራው ሲያልቅ የሚዘጋ።

ቁልፉ በእጃችሁ ከሆነ ሠሪው ቢጠፋ ምን ይመጣል? ሥራው ይዘገያል፣ ትበሳጫላችሁ፣ ሌላ ሰው ገብቶ ይቀጥላል። ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ዓለም ላይ ካሉት ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የቆሙት በሱ ነው። የሚያውቀው ሰው ሞልቷል። ቁልፉ በእጃችሁ ካልሆነ ግን አሥር ፎቅ ሕንፃ ላይ ቢሮ ያለው ድርጅትም ያግታችኋል። አንድ ጣና ዳር ያለ ሎጅ አውቃለሁ። ዌብሳይቱን ያሠራው ቢሮ ባለው፣ ማኅተም ባለው፣ ከረባት ባሰረ ድርጅት ነው። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ ሎረም ኢፕሰም የሚለው የላቲን ማሟያ ጽሑፍ ሳይነሣ ቀርቶ ነበር። ፎቶው የሌላ አገር ባሕር ዳርቻ ነው። ዘንባባ ስላለበት አልታወቀም መሰለኝ፣ ዘንባባ እኛም አለን። ድርጅቱ ተዘጋ፣ ዶሜኑ አብሮ ሄደ። አድራሻው እስከ ዛሬ የሎጁ ታፔላ ላይ ተጽፎ ይታያል። ቢሮውስ ምን አደረገላቸው?

«ብር ተቀብሎ ይጠፋል» የሚለውን እንየው። ሙሉውን ብር ቀድሞ የሰጠው ማን ነው?

አፕወርክና ፋይቨር አሠሪና ፍሪላንሰር የሚገናኙባቸው ድረ ገጾች ናቸው። አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አሠሪው የሥራውን ድርሻ ገንዘብ ያስይዛል። አፕወርክ መሃል ላይ ይይዘዋል። ሠሪው ሲያስረክብ አሠሪው 14 ቀን አለው፣ ያያል፣ ያርማል፣ ይለቃል። ዝም ካለ ገንዘቡ ለሠሪው ያልፋል። ፋይቨርም ገንዘቡን ሥራው እስኪረከብ ይይዛል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሚተማመኑት በዚህ ነው፣ ቢሮ በመጎብኘት አይደለም። እኛ ቴሌግራም ላይ ተገናኝተን በቴሌብር ስንከፋፈል መሃል ላይ ብሩን የሚይዝልን የለም። እውነት ነው። ስለዚህ እኛው ከፋፍለን እንክፈላ! ጥቂት ቅድመ ክፍያ። መጀመሪያው ገጽ ስልኬ ላይ ሲከፈት ሌላ። ቦታ ማስያዣው የሙከራ ክፍያ ሲቀበል ሌላ። ዶሜኑም ፓስወርዱም በስሜ ሲሆን የመጨረሻው። ይህን ለመጻፍ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ግን የእኛ ሰው ውል ላይ የሚያስጽፈው ምንድን ነው? «ቆንጆና ዘመናዊ ዌብሳይት።» ቆንጆ ማለት ስንት ገጽ ነው? በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው ወይስ በአንዱ? የዘጌው ጀልባ ዋጋ ሲቀየር የሚቀይረው ማን ነው? ሳይነገረው የጀመረ ልጅ በየቀኑ አዲስ ትእዛዝ እየመጣበት፣ በተስማማበት ዋጋ ሦስት እጥፍ ሠርቶ ስልኩን ቢዘጋ እኔ አልፈርድበትም።

ስለ መጥፋት ካነሣን፣ ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ አስጀምሮት የጠፋ ልጅ ነበር ብሎ ለምሳሌ አቅርቧል። ወንድሜ፣ ነሐሴ 2015 የት ነበርክ? ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ ሐምሌ 2016 ዓመት ሊሞላ ነበር። በዳታ የሚሠሩ ልጆች ዋይፋይ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከረሙ። ከተማውን ለቀው የወጡ አሉ። የውጭ ደንበኛቸውን ያጡ፣ አፕወርክ ላይ ባላለቀ ሥራ ነጥባቸው የወረደ አሉ። ያኔ የጠፋው ዳታው ነው። ልጁማ ቀበሌ 14 ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው የለም የሚለውስ? ይህ ከተማ ፖሊ ቴክኒክ ያለው ከ1955 ጀምሮ ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በኮምፒውተር ሳይንስና በሶፍትዌር ምሕንድስና ያስመርቃል። መንግሥት በ2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀምር ሁላችሁም አጨብጭባችኋል። ሠልጥነው ሲመጡ «ሰው የለም»። ልጆቹ ግን ፋይቨር ላይ ናቸው። ከሚያገኙት 100 ዶላር 20ው ለድረ ገጹ እየተቆረጠ፣ አይተውት ለማያውቁት የካናዳ ጥርስ ሐኪም ዌብሳይት ይሠራሉ። ካናዳዊው አምኗቸዋል። ጊዮርጊስ አደባባይ ያለው ሆቴል አላመናቸውም።

አስመሳይ የለም አልልም። የሌላውን ሥራ ፖርትፎሊዮ ብሎ የሚያሳይ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሠራሁት ያለውን ገጽ በዳታ፣ በስልክ ክፈቱ። እዚያ ገጽ ላይ ያለውን ስልክ ደውሉና ባለቤቱን ጠይቁ። ከዚያ ትንሽ ሥራ ሰጥታችሁ ሞክሩት፣ ከፍላችሁ። በነጻ ናሙና ሥራልኝ ማለት ነውር ነው፣ ያለቀለት ነውር።

የደረሰኙም ነገር ይገባኛል፣ ማኅበር ያለ ደረሰኝ ሒሳብ አይዘጋም። ግን ንግድ ፈቃድ ያወጡ ፍሪላንሰሮች አሉ። መስፈርቱ «ደረሰኝ ያለው» ቢል ኖሮ ይወዳደሩ ነበር። የሚለው «አዲስ አበባ ቢሮ ያለው» ነው።

ጨረታው ገና አልወጣም። የቢሮዋን መስመር ሰርዙና በቦታዋ «ዶሜኑ፣ ሆስቲንጉና ኮዱ በማኅበሩ ስም ይሆናሉ፣ ክፍያውም በተረከብነው ልክ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይም ልቀቁት። ከዚያ የቦሌውም፣ የሽምብጡም፣ የጎንደሩም ይወዳደር። ፖስታው ሲከፈት ባለቢሮው ስንት እንደጠየቀ፣ ልጁ ስንት እንደጠየቀ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ።