ቺ «ኃይል» አይደለም

እህቴ፣ ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ስትጽፊ «ቺ ማለት በሰውነት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚፈስ ኃይል ነው» ብለሽ የጻፍሽው ብዙ ሰው የሚለው ስለሆነ አልፈርድብሽም። ግን ልክ አይደለም።

«ኃይል» የሚለው ፍቺ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በቻይና በዲፕሎማትነት ያገለገለው ጆርጅ ሱሊዬ ደ ሞራን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለ አኩፓንክቸር (ቀጭን መርፌ በሰውነት ላይ እየተከሉ ስለሚያክሙበት የቻይና ሕክምና) ሲጽፍ ቺን «ኢነርጂ» ብሎ ተረጎመው፤ በዚያው ተለመደ።

ቺ የሚጻፍበትን የቀድሞውን የቻይና ፊደል ቀረብ ብለሽ እዪው፦ ከታች ሩዝ፣ ከላይ እየተነነ የሚወጣ እንፋሎት። ቻይናዎች ዛሬም የአየር ሁኔታን «ቲየንቺ» ይሉታል፣ የሰማይ ቺ እንደማለት። መናደድም «ሸንግቺ» ነው። በሕክምናቸው ደግሞ ከምግብ የሚገኝ ቺ አለ፣ ከቆዳ ሥር እየዞረ ብርድን የሚከላከል ቺ አለ። የጨጓራ ቺ መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ከወጣ ያስገሳል፣ ስቅ ያሰኛል ይላሉ። ይሄ ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው? እኛስ ነፍስንና ነፋስን ከአንድ ሥር አይደል የምናወጣቸው? ለእኔ ቺ ወደዚያ ይቀርባል።

በመሣሪያ ተለክቶ የተገኘ ቺም የለም። ስለዚህ «መርፌው የተዘጋውን ኃይል እንደሚከፍት ሳይንስ አረጋግጧል» ያልሽውን እባክሽ አስተካክዪው።