«ኢንፌክሽን አለብዎ» ብቻ አይበቃም

ደሴ ላይ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳትን የሚቆጥር ምርመራ) ታዞለት ደም የሰጠ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከቁጥሮቹ ጎን ባሉት «ኤች» እና «ኤል» ላይ ነው። ኤች ከፍ ብሏል፣ ኤል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሐኪሙ ጋ ሲገባ ደግሞ «ነጭ ደምዎ ጨምሯል፣ ኢንፌክሽን አለ» ይባልና አንቲባዮቲክ ይጻፍለታል። ሐኪሙን ብቻ አልወቅስም፤ የተመላላሽ ክፍሉን ሰልፍ ያየ ይረዳዋል። ግን አባባሉ ጎዶሎ ነው።

የአዋቂ ነጭ የደም ሕዋስ በአንድ ማይክሮሊትር ደም በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። ይህ የአምስት ዓይነት ሕዋሳት ድምር ስለሆነ መታየት ያለበት ከሥሩ ያለው ዝርዝር ነው። ኒውትሮፊል ከጨመረ ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ እርግዝና፣ ሲጋራና ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም ግን ይጨምሩታል። ሊምፎሳይት ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለቫይረስ ምንም አይፈይድም።

ለእኛ አካባቢ ዋናው፣ ሰውነት ውስጥ ጥገኛ ትል ሲኖር የሚጨምረው ኢዮሲኖፊል ይመስለኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወርደው የቦርከና ሸለቆ ብልሃርዚያ አለ። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ወይም ወንዝ ሲዋኝ የሚውል ልጅ ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ካለ፣ አስምና አለርጂም ሊሆን ቢችልም፣ ሰገራው መመርመር አለበት። ብልሃርዚያ ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ቢውጥ ገንዘቡን ነው የሚጨርሰው።

ታይፎይድም የሚገርም ነው። በአዋቂ ላይ ነጭ ደም በታይፎይድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወይ እንዳለ ይቆያል ወይ ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ግን ነጭ ደም ከጨመረና ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ካለ ታይፎይድ ነው ይባላል። ዊዳል ከዓመታት በፊት በያዘ በሽታም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ኤል ያየ ሰውም ወዲያው አይደንግጥ። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ጤነኞች ኒውትሮፊላቸው ከ1,500 በታች ነው፤ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን ከትውልድ ስለሌለ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ልክ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሰዎች ደም የተወሰደ በመሆኑ እነዚህን ሰዎች ሕመምተኛ ያስመስላቸዋል። የቆየ ውጤት ቤት ካለ ይዞ ማሳየት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ለዓመታት እንዲያው ከነበረ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት ይህን ያስባል።

ስለዚህ ታካሚው «የትኛው ነው የጨመረው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ደቂቃ አይፈጅም። አጠቃላይ የነጭ ደም ቁጥሩ 100,000 ከደረሰ፣ ወይም ከለውጡ ጋር ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የማይጠፋ ንፍፊት፣ ያበጠ ጣፊያ ወይም ከድድ የሚፈስ ደም ካለ ግን ደሙ በስላይድ ላይ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ፋርማሲ ሳይዞር በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግባ።