ደን ለመጎብኘት የተመዘንን ለት

አለቃችን ተፈጥሮን መውደድ የጀመሩት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ቢሯቸው ውስጥ የነበረው ብቸኛ ተክል የፕላስቲክ አበባ ሲሆን፣ እሱንም የጽዳት ሠራተኛዋ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለው ነበር። ያን ሐሙስ ግን ከአንድ ስብሰባ እንደተመለሱ "አካባቢን የማይጎዳ የሠራተኞች ሽርሽር" የሚል ደብዳቤ በተኑ። ደብዳቤው ለያንዳንዳችን በባለቀለም ወረቀት ታትሞ ነው የደረሰን። ግርጌው ላይ "ይህን ጽሑፍ ከማተምዎ በፊት ስለ ዛፎች ያስቡ" ይላል።

የምንሄደው ዚፕላይን ወደሚባለው ነገር ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ከአንድ ትልቅ ዛፍ አናት ወደ ሌላ ትልቅ ዛፍ አናት የብረት ገመድ ይወጠራል። የመነሻው ጫፍ ከመድረሻው ትንሽ ከፍ ይላል። አንተ በወገብህና በጭንህ መታጠቂያ ታስረህ፣ ገመዱ ላይ በሚሽከረከር መዘውር ተንጠልጥለህ፣ በዛፎቹ መሀል ትምዘገዘጋለህ። ሞተር የለው፣ ነዳጅ አይፈልግ፣ ጭስ አያወጣ። የሚሠራው በመሬት ስበት ነው፤ ማለትም በራስህ ክብደት። ይህችን "ክብደት" የምትል ቃል ያን ጊዜ ማናችንም ልብ አላልናትም።

ጭስ ወደሌለበት ቦታ የሄድነው በሁለት አውቶቡስና በአለቃችን መኪና ነው። 27 ሰዎች ነን፤ አንድ አውቶቡስ ይበቃን ነበር። ግን የሒሳብ ክፍልና የግዢ ክፍል አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንድ ሰዓት መቆየት አይችሉም። ጠባቸው በምን እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው ጡረታ ወጥቷል።

መንገዱን በሙሉ የኮምፒዩተር ክፍሉ ልጅ አስተማረን። ድሮ የደን ጣሪያ፣ ማለትም የዛፎቹ አናት፣ በአብዛኛው ከታች አንጋጠህ በመነጽር የምታየው ነገር እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮስታሪካ ውስጥ ዶናልድ ፔሪ የሚባል የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በተራራ ወጪዎች ገመድ ዛፍ አናት ላይ እየወጣ ማጥናት እንደጀመረ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ እዚያው አገር ገመዱን ቱሪስት እንደተረከበው ነገረን። "ሲከፈት የዓለም ረጅሙ የተባለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ነው፤ ጀበል ጃይስ ተራራ ላይ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተ፣ 2.83 ኪሎ ሜትር" አለ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ "እና ሲደርስ እንዴት ነው የሚቆመው?" ብለው ጠየቁት። ስለ መቆሙ አላነበበም ነበር። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ጸጥ አለ።

በሩ ላይ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙሶቻችንን ተቀበሉን፤ ደን ውስጥ ፕላስቲክ አይገባም። እሰየው ነው። በምትኩ የድርጅቱ አርማ የታተመበት የብረት መጠጫ ሰጡን፤ እያንዳንዱ መጠጫ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል አሜሪካዊ፣ ሆቴሎች "ፎጣዎን ደግመው በመጠቀም ተፈጥሮን ያድኑ" የሚል ካርድ እየለጠፉ የራሳቸውን የማጠቢያ ወጪ እንደሚያድኑ ታዝቦ፣ ይህን ዓይነቱን ሥራ "ግሪንዎሺንግ" ብሎ ሰይሞታል፤ በኛ አባባል አረንጓዴ ቀለም መቀባት ማለት ነው። እኔ መጠጫዬን ወድጄዋለሁ፤ ትችቴ እዚህ ላይ ይብቃ። የአለቃችን መኪና ግን እስክንመለስ ድረስ ውስጡ እንዳይሞቅ ሞተሩ አልጠፋም።

ከበሩ አለፍ እንዳልን ሚዛን ተቀምጧል። እንደ ሐኪም ቤት ሚዛን ጎንበስ ብለህ ብቻህን የምታነበው አይደለም። ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚንቦገቦግ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚነበብ የመጋዘን ሚዛን ነው። አስጎብኚው፣ ፈገግታ የማይለየው ወጣት፣ "ከ30 ኪሎ በታችና ከ120 ኪሎ በላይ አናሳፍርም" አለን። "ቀላል ሰው መሀል መንገድ ላይ ይቀርብናል፤ ከባድ ሰው ደግሞ በጣም ፈጥኖ ይደርስብናል። ስለዚህ የያንዳንዳችሁን ኪሎ እጃችሁ ላይ እጽፋለሁ። ማዶ ያለው ጓደኛዬ አይቶ ፍሬኑን ያዘጋጃል። አትስጉ፣ ቀለሙ ከዕፅዋት የተሠራ ነው፤ በውኃ ይለቃል፤ አካባቢን አይበክልም።"

እኛ መሥሪያ ቤት የሰው ደመወዝ ይታወቃል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ይታወቃል። የማን ዲግሪ ከየት እንደመጣ እንኳ ይታወቃል። ኪሎ ግን ከባለቤቱና ከፈጣሪው በቀር ማንም የማያውቀው ጉዳይ ነበር።

ወዲያው ያልተለመደ ጨዋነት ወረደብን። ደመወዝ ሲከፈል መስኮት ላይ የሚጋፋው ሰው ሁሉ "እርስዎ ይቅደሙ"፣ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ"፣ "ትልቅ እያለ እንዴት ሆኖ!" መባባል ጀመረ። የሒሳብና የግዢ ክፍል ሰዎች እንኳ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ "ግቡ እንጂ" ተባባሉ። በመጨረሻ እትዬ ወጡ። መጀመሪያ ጫማቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ ሹራባቸውን፤ ከዚያ ሰዓታቸውን፣ የጆሮ ጌጣቸውን፣ መነጽራቸውን። ቁጥሩ ግን እንደቆመ ነው። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና አስጎብኚውን ከላይ እስከ ታች እያዩ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሚዛን ኦዲት ተደርጎ ያውቃል?" አሉት።

ከዚያ የአለቃችን ተራ ደረሰ።

"አባባ፣ ይምጡ" አላቸው ልጁ።

"አባባ አትበለኝ።"

"እሺ፣ አባታችን።"

ቁጥሩን አይቼዋለሁ። ግን አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት ስለምሠራ አልጽፈውም። ከገደቡ በታች መሆናቸውን ብቻ እመሰክራለሁ፤ ትንፋሻቸውን ባያስወጡ ኖሮ ይህንንም አልመሰክርም። ምዘናው ሲያልቅ 27 ሰዎች፣ በዚያ ሙቀት፣ እጃችንን ኪስ ከተን ቆመናል። ኪስ የሌለው ልብስ የለበሰች አንዲት ባልደረባችን እጇን የጓደኛዋ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ቀጥሎ ቅጽ ፈረምን። ሁለት ገጽ ነው፤ ባጭሩ፣ ብሞት ቅሬታ እንደማላቀርብ ይገልጻል። ይህን ማንም አላነበበም። አንብበን የተከራከርነው "የፎቶ ዋጋ በክፍያው ውስጥ አይካተትም" በሚለው መስመር ላይ ብቻ ነው።

መታጠቂያው በጭን በኩል አልፎ፣ ወገብን ዞሮ፣ ደረት ላይ ተቆልፎ ከጠበቀ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ሽንቱ ይመጣል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የኛው ሰው የግዢ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ መጀመሪያ ለመናገር አፍረው በየተራ እግራቸውን ሲቀያይሩ አስጎብኚው ራሱ ገባው። እስኪፈታላቸው፣ ሄደው እስኪመለሱ፣ እንደገና እስኪታሰሩ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። የኮምፒዩተር ክፍሉ ልጅ አጋጣሚውን አላባከነም፦ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ስሎዝ የሚባል ዘገምተኛ እንስሳ እንዳለ፣ ኑሮው በሙሉ ዛፍ ላይ እንደሆነ፣ ለመጸዳዳት ብቻ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ መሬት እንደሚወርድ ነገረን። ኃላፊው ይህን ሲናገር ነው የደረሱት። እስከ ዛሬ አያነጋግሩትም።

ደረጃውን ወጥተን ማማው ላይ ቆምን። ማማው ዛፉን አቅፎ የተሠራ ነው። አስጎብኚው ከመሳፈራችን በፊት እንድናየው የፈለገው ገመዱ ዛፉን የሚይዝበትን ቦታ ነበር። በብረት ገመዱና በቅርፊቱ መካከል የእንጨት ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። "ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል" አለ። "ምግቡ የሚተላለፈው ልክ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው። ገመድ በቀጥታ ዙሪያውን ብንጠመጥምበት፣ እየወፈረ ሲሄድ ገመዱ አንቆ ይገድለዋል። ስለዚህ በየጊዜው እየመረመርን እናላላለታለን።" አለቃችን ከልብ በመነጨ አዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀበቷቸውን አየሁት፤ የመጨረሻዋ ቀዳዳ በሚስማር የተበሳች ናት።

"ታዲያ በብሎን በስታችሁ ብታስሩት አይቆስልም?" አሉ እትዬ።

"ይቆስላል እናቴ። ግን ዙሪያውን ከመታነቅ ይሻለዋል። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉ አይሽርለትም፤ የተጎዳውን ቦታ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋበታል፤ በላዩ ላይ አዲስ እንጨት እያበቀለ ይኖራል። ቁስሉ ግን ከውስጥ እንዳለ ነው።" አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ ስንት ሺህ ግንድ እየሰነጠቀ ያስረዳው ነገር ነው። የሒሳብ ክፍልና የግዢ ክፍል ሰዎች በየተራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ" አለ ልጁ። "አትጩኹ። ወፎቹ ጎጆ ላይ ናቸው።"

እትዬ መጀመሪያ ሄዱ። ጩኸታቸውን በቃላት ለመግለጽ አልሞክርም። ሦስት ዓይነት ወፍ ከሦስት አቅጣጫ ተነሣ፤ አንዱ እስክንወጣ ድረስ አልተመለሰም። "ከፎቶ በቀር ምንም አትውሰዱ፤ ከእግር አሻራ በቀር ምንም አትተዉ" የሚለው ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እግራችን መሬት ስላልነካ አሻራ አልተውንም። ጩኸት ግን በየዓይነቱ ትተናል፦ የፈጣሪን ስም የጠራ አለ፣ እናቱን የጠራ አለ፤ አለቃችን የጠሩት ስም የባለቤታቸው አለመሆኑን የሰማን ሁሉ እንዳልሰማን ተስማምተናል።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም ለእናቴ ለመትረፍ ቆርጬ ነበር። ግን ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ። አስጎብኚው አጥብቆ የነገረን፣ በቆዳ ጓንቱ ገመዱን ከመዘውሩ ኋላ እንጂ ከፊቱ እንዳንይዝ፣ እሱንም ቢሆን ምልክት ሲሰጠን ብቻ እንድንይዝ ነው። እኔ ምልክቱ እስኪመጣ መታገሥ አልቻልኩም። እግሬ ማማውን ለቆ ገና ጥቂት እንደሄድኩ ያዝኩት። ያዝኩትና አልለቅ አልኩ። ገመዱ ደግሞ መሀሉ ላይ ይረግባል፤ ፍጥነት የሌለው ሰው ማዶውን ዳገት አይወጣም። እናም ቆምኩ። በዛፎች አናት መሀል፣ ከሰማይ በታች ከምድር በላይ፣ እንደ ተሰጣ ልብስ።

"ዞር በልና በእጅህ እየሳብክ ና!" ጮኸ ከማዶ ያለው።

"ትንሽ ልረፍ!" አልኩት። ማረፍ አይደለም፤ እጄ ገመዱን አልለቅ ብሎ ነው።

እዚያ ላይ ነው ደኑን ያየሁት። ስልኬ ማማው ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ከታች ሲያዩት አንድ አረንጓዴ የሆነው ነገር ከላይ ሲያዩት ስንት ዓይነት ነው! አንዱ ቅርንጫፍ ላይ የዛፍ ሽበት ተንዠርግጓል፤ ሌላው ላይ አፈር ሳይኖር አበባ በቅሏል። አፈር ሳይኖር ያልኩት ተሳስቼ ነው። ናሊኒ ናድካርኒ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳየችው፣ እዚያ ላይ የሞተው ሽበትና ቅጠል ተከማችቶ አፈር ይሆናል፤ አንዳንዱ ዛፍ ደግሞ ከገዛ ቅርንጫፉ ላይ ሥር አውጥቶ ያንን አፈር ይመገባል። መሬት ውስጥ መደበኛ ሥር እያለው፣ ላይ ቤት በትርፍ ሰዓት ሌላ ገቢ አበጅቷል ማለት ነው። እኛ ጋ ይህን ያደረገ ሠራተኛ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለው።

አንዲት ጥንዚዛ መጥታ ጓንቴ ላይ አረፈች። ቴሪ ኧርዊን የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ ፓናማ ውስጥ 19 ዛፎችን ብቻ፣ ያውም ሁሉም አንድ ዝርያ የሆኑትን፣ ፈትሾ ከ1,000 በላይ የጥንዚዛ ዝርያ አግኝቷል። እርስ በርስ ይበላላሉ እንጂ ለየብቻ አውቶቡስ አይጠይቁም። ጥንዚዛዋ ጥቂት አሰበችና ሄደች። ያን ጊዜ ልብ አልኩት፤ ምንም ድምፅ የለም። ወፎቹ መመለስ ጀምረው ነበር።

"አይዞህ!" አሉ አለቃችን ከማዶ፣ በድምፅ ማጉያ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ወፎቹ ተነሡ።

በመጨረሻ አንዱ አስጎብኚ በእጁ እየሳበ መጥቶ፣ በእግሩ አቅፎኝ፣ እንደ ጆንያ ጎትቶ አደረሰኝ። ቀድመውኝ የደረሱት ሁሉ በስልካቸው እየቀረጹ ተቀበሉኝ።

ማታውኑ ፎቶዎቹ በሥራ ቡድናችን መልእክት ላይ ተለቀቁ። ሁሉም ሰው ፎቶ ሲነሣ ደስ ብሎት ጓንቱን አውልቆ እጁን እያውለበለበ ነው። ቀይ ቀለሙ ደግሞ ጥሩ ካሜራ ፊት በጣም ያምራል፤ 27 እጆች፣ 27 ቁጥሮች፣ ከነነጥባቸው። ፎቶዎቹ በ4 ደቂቃ ውስጥ ተሰረዙ። እትዬ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም መዝግበዋል፤ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው።

ከዕፅዋት የተሠራው፣ በውኃ የሚለቀው ቀለም በውኃ አለቀቀም። በሳሙናም አለቀቀም። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ስንቀመጥ እጅ የሚባል ነገር ጠረጴዛ ላይ አይታይም። አለቃችን ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ እንደ ናፖሊዮን ሸጉጠው፣ ስለ ተፈጥሮና ስለ ቡድን መንፈስ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ከዚያ፣ "በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ጉዞ እንድገመው የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ" አሉ።

ማንም አላወጣም። የምትቃወሙ ሲሉም ማንም አላወጣም። ድምፀ ተዓቅቦም እጅ ይጠይቃል። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ፤ በግራ እጄ "በአንድ ድምፅ" ብዬ ጻፍኩና፣ ምን እንደተወሰነ ሳልጽፍ ዘጋሁት።