ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ተማሪ ሥራ ላይ ነው

ግጥም የሚጽፍ አንድ ጓደኛ አለኝ። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ ሲነካካ ቢውል ማንም አይናገረውም። መስኮት መስኮቱን እያየ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን እናቱ «ልጄ፣ ሥራ ከፈታህ እስቲ ሱቅ ደርሰህልኝ ና» ይሉታል። በእናቱ አልፈርድም። ሁላችንም ያደግነው «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እየተባልን ነው።

ግን እኮ ቁጭ ብሎ ማሰብን ሥራ ብሎ ስም ያወጣለት ትምህርት ቤት እዚሁ አገራችን አለ። ቅኔ ቤት። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዋድላም ብትሄዱ የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ወረቀት የለ፣ ብዕር የለ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የማያውቅ መንገደኛ ሰነፍ ሊለው ይችላል። እሱ ግን ቅኔ እየቆጠረ ነው። አዎ፣ «መቁጠር» ነው የሚባለው። የግዕዙን ቃል ይመርጣል፣ ቤት ይመታል፣ ከዜማው ልክ ጋር ያስማማል፣ ሰሙን ከወርቁ ያዋድዳል። ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ለሁለት ቤት ስንት ሰዓት! ሲጠነክር ደግሞ 8 ቤት ያለው መወድስ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ባገኘው ቁራሽ ነው።

ከዚያ ማታ ነገራ አለ። መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። የተበላሸውን መምህሩ ያቃኑለታል። በሌላ ቀን ያንኑ ይዞ መምጣት የለም፤ አዲስ ነው የሚፈለገው።

እኔን የሚቆጨኝ ዛሬ ለጥበብ ሰው ዛፉንም ነገራውንም መንፈጋችን ነው። በየቀኑ ካልለጠፈ ተከታዮቹ የሚሸሹት የሚመስለው ወጣት ገጣሚ ጥሬውን ያወጣል። «ሙዱ አልመጣልኝም» እያለ ዓመት የሚያሳልፍም አለ። ችሎታ የጎደለው አይመስለኝም። ማታ የሚሰማው፣ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ነው ያጣው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቅ ያፈስበታል። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ ቢያፈስ ሊፈነዳበት ይችላል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያን ሰዓት ሥራ ፈታ የሚለው የለም።

ጓደኛዬን ሐሙስ ማታ እኔ ቤት እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ። ሁለት መስመርም ብትሆን ይዞ ይምጣ፣ ተቀምጬ እሰማዋለሁ። እስከዚያ እናቱ ከሱቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ እኔ እላክላቸዋለሁ።